ባቄላ የሞላበት ካልሲ

ሲስተር ፀሐይቱ ያዘዘችኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «ጠዋት እግርሽ መሬት ሳይነካ አጥልቂው።» ለሌላ ሰው ቀላል ይሆናል። እኔ ግን ዓይኔን ገልጬ ፍራሽ ላይ የቆየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የድሬዳዋው ባቡር አቃቂ ጣቢያ ሳይጮህ ተነስቼ፣ እሳት አያይዤ፣ ደጅ ጠርጌ፣ ወደ ፋብሪካ መንገድ ገብቻለሁ። ነቅቶ መጋደም ለእኔ በሽታ ነው።

እውነተኛው በሽታ ግን እግሬ ላይ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል፣ ማሽን ፊት ስቆም ኖሬ የግራ እግሬ ደም ሥር ተገታትሮ አበጠ፤ ከቁርጭምጭሚቴ በላይም አልድን ያለ ቁስል አወጣ። የክሊኒካችን ነርስ ሲስተር ፀሐይቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠችኝ። እብጠቱ ካልቀነሰ ከማሽን ተነስቼ ብጥስጣሽ ክር ከሚለቅሙት ጋር በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ደመወዙ ያው ነው። የገደለኝ መቀመጡ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተጎልቼ ክር ስለቅም ገና ሳስበው ሰውነቴን ይበላኛል።

ሲስተር አጥልቂው ያለችኝን ካልሲ ከድሬዳዋ ያመጣልኝ ባቡር ላይ የሚሠራው የባሌ ጓደኛ በቀለ ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ወፍራም፣ ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ የላስቲክ ካልሲ። ጥበቱ አይነገርም። ተረከዙ ተረከዝ ላይ በትክክል ካላረፈ ይጠማዘዛል፤ አፉ ከተጠቀለለ ደግሞ እንደ ገመድ ያስራል። ብቻዬን ታግዬ ታግዬ አቃተኝ።

ስለዚህ ባሌ ጉተማ ተንበረከከ።

ጉተማ የምድር ባቡር ሃዲድ ጠጋኝ ነው፤ ብሎን ማጥበቅ የለመደ እጁ ካልሲውን አሸነፈው። ከተጋባን ጀምሮ ማታ ማታ እግሩን የማጥበው እኔ ነኝ። እናቴም አባቴን፣ እናቱም አባቱን እንዲሁ ሲያጥቡ ነው ያየነው። አሁን ጠዋት ጠዋት እሱ እግሬ ሥር ሆነ። በሩን ቀርቅሮ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ በድንግዝግዝ። «ቶሎ በል» ስለው «ቀስ በይ፣ ሰው ያያል» ይለኛል። በተቀረቀረ በር ማን እንደሚያይ እንጃ።

ሰው ግን አየ። አንድ ቀን መቀርቀሩን ረስቶት የግቢያችን ታላቅ እማማ አሰለፈች ፍም ሊለምኑ ዘው ብለው ገቡ።

«ውይ ጉድ! ዘንድሮ እግር አጣቢው አንተ ሆንክ?» ብለው ሳቁ።

ክፋት አልነበረባቸውም። ወሬው ግን እኛን ቀድሞ ሥራ ገባ። ሃዲድ ላይ ጓደኞቹ «እመቤቲቱ እንዴት አደሩ?» እያሉ ሲያበሽቁት ዋሉ። ማታ ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግድግዳችን ላይ እግር ተሰቅሏል። የምር እግር መስሎኝ ክው አልኩ። ያን ቀን ሳላጠልቀው፣ ታጥቦ ጥላ ላይ ይደርቅ ያልኩት ካልሲዬ ነው፤ ርጥብ ባቄላ ጢም ብሎ ተሞልቶበት ፀሐይ ላይ ተነፋፍቷል። ጉተማ አጠገቡ ቆሞ ፈገግ ይላል። አዲስ የሥራ ጫማ በጠበበው ቁጥር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ርጥብ ባቄላ ይሞላበታል፣ ባቄላው ሲያብጥ ጫማው ይሰፋል።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ራስሽ ታጠልቂዋለሽ» አለኝ።

«ጥበቱ እኮ ነው መድኃኒቱ!» ብዬ ጮህኩ። «እብጠቱን የሚይዘው ጥበቱ ነው! አንተ ሰውዬ፣ መድኃኒቴን በባቄላ ገደልከው!»

ባቄላውን ደጅ ዘረገፍኩት፤ የእማማ አሰለፈች ዶሮዎች ተሻሙበት። ጉተማ ባዶውን ካልሲ አንስቶ፣ መልሶ ይጠብ ይመስል፣ በእጁ ጨመቅ ጨመቅ አደረገው። ሳየው አሳዘነኝ፤ ማዘኔ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ጠዋት ካልሲው ሰተት ብሎ ገባ። እኩለ ቀን ላይ እግሬ አብጦ ከጫማዬ በላይ ሆነ። በቀለ ሌላ ካልሲ ይዞ እስኪመለስ ወሩ ያልቃል። ሲስተር ፀሐይቱ ጉዱን ስትሰማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የላስቲክ ፋሻ ሰጠችኝ። «ከጣቶችሽ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይጠቅለል፤ ታች ጠበቅ፣ ላይ ላላ። ጎንበስ ብለሽ ራስሽ አታስሪውም፣ ሰው ያስርልሽ።»

ጉተማ በሩን ቀርቅሮ ጠቀለለው። የኩራዙ ብርሃን የጉተማን ጥላ እግሬ ላይ እየጣለበት የትኛው ዙር እንደላላ አይታየውም። ከቀትር በፊት ፋሻው ተፈትቶ ከኋላዬ ሲጎተት ሽመና ክፍሉ በሙሉ አየ። በነጋታውም እንደዚያው። ማታ ማታ መቀመጥ አቅቶኝ ክፍሏን እዞራለሁ፤ መዞሬ እግሬን እንደማይጠቅመው እያወቅኩ።

ወሩ አልቆ የምርመራው ቀን ጠዋት ጉተማ ቀድሞኝ ተነሳ። በሩን ሊቀረቅር መስሎኝ ነበር። ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ምን ነካህ? ሰው ያያል!»

«ብርሃን ፈልጌ ነው» አለ። «እግርሽን እንዳታወርጂ።»

ከነጋቢዬ አቅፎ አንስቶ ደፉ ላይ ባለው በርጩማ ላይ አስቀመጠኝና ግቢው ሁሉ እያየ ተንበረከከ። አፈርኩ። ደስም አለኝ። እማማ አሰለፈች እንስራ ይዘው ወደ ቧንቧው ሲያልፉ ቆም አሉ። ጉተማ ከጉልበቱ ሳይነሳ፣ ፋሻውንም ሳይለቅ «እንደምን አደሩ እማማ» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ጥቂት አይተው ጠጋ አሉና በጣታቸው ጠቆሙት። «ተረከዟ ጋ ላልቷል፣ ልጄ።»

ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው።

ያን ቀን ፋሻው ከሰዓት በኋላም አልተነቃነቀም። ክሊኒክ ስገባ ሲስተር ፀሐይቱ ፈታችና በአውራ ጣቷ የቅልጥሜን አጥንት ጫን አለች፤ ጣቷን ስታነሳ እንደ ድሮው ጉድጓድ አልቀረም። ከባቄላው በፊት መዳን የጀመረው ቁስልም ደርቋል።

«ይህን የጠቀለለው ማን ነው?» አለች።

ከኋላዬ የሽመና ክፍል ሴቶች ተሰልፈዋል።

«ባሌ!» አልኩ፣ በሩ ላይ ያለችውም እንድትሰማ። «ጉተማ ነው የጠቀለለልኝ!»

«በይ፣ ወደ ማሽንሽ ተመለሽ። ግን ቀስ እያልሽ፣ በየመሀሉም…»

የቀረውን አልሰማሁም፤ መንገድ ጀምሬ ነበር።