ፈይዛ ያልሰማችው ዜና

«ከ‹ክቡራን እንግዶቻችን› እንደገና ጀምሪ እስኪ፤ ደግሞ አትቸኩዪ» አለች መምህርት ሙሉሐረግ፣ የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ እያዞረች።

ፈይዛ ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ይዛ ጉሮሮዋን ጠረገች። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ የትምህርት ቤቱን ዜና የምታነበው እሷ ነች፤ የማን ደብተር እንደጠፋ፣ የትኛው ክፍል በንጽሕና እንደበለጠ፣ የማን ፍየል አጥር ጥሳ የሲስተሮቹን ጎመን እንደጨረሰች። ባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የታሰረው ማጉያ ድምፅዋን ከካቶሊክ ትምህርት ቤቱ ግቢ አውጥቶ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያደርሰዋል። የመካነ ሰላም ከተማ ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ ይሰማታል። «የፈርሂያ ልጅ እኮ ናት» ይባባላል።

«ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። እኔ ፈይዛ እባላለሁ። እናቴ ኩዌት ነው የምትሠራው። ስትመለስ ይህን አዲስ ቤተ መጻሕፍት አሳያታለሁ...»

ሙሉሐረግ ማጉያውን አጠፋችው።

«ተሳሳትኩ እንዴ ቲቸር?»

«አልተሳሳትሽም። ዕቃው ሞቋል፤ ትንሽ ይረፍ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ሳታይ ጨመረች። «የእናትሽን ነገር ብንተወውስ? በ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› ይብቃ።»

«እሱ እኮ ነው ጥሩው። ዲሬክተራችን ራሱ ‹እሱን ጎላ አድርጊው› ብሎኛል።»

የፈይዛ እናት ፈርሂያ ሞታለች። ትናንት ከቀትር በኋላ ኩዌት አብራት የነበረች ያገሯ ልጅ ለፈርሂያ ወንድም ለአዩብ ደወለችለት። ከፎቅ ወደቀች አለችው፤ ሌላ የጨመረችው ነገር የለም። እናቷ ከሄደች ጀምሮ ልጅቷን የሚያሳድጋት አዩብ ነው። «ከጓደኛሽ ጋር አጥኚ» ብሎ ጎረቤት አሳደራትና ለዘመድ ላከ። ሲነጋ ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ። መምህራኑ ሰሙ፣ ዘበኛው ሰማ፣ ለእንግዶቹ ምሳ በግ ሊያርዱ የመጡት ሰሙ። ለዚህ ሁሉ ሰው ዜና ስታነብ የከረመችው ልጅ ብቻ አልሰማችም።

ርዕሰ መምህሩ አስናቀው ማለዳ ላይ መምህራኑን ሰብስቦ ነበር። የሠርግ ልብሱን የመሰለ ሙሉ ልብስ ለብሷል።

«ልጅቷ አንዳች ነገር መስማት የለባትም» አለ። «መርዶ በሥርዓቱ ነው፤ ሽማግሌ ባለበት፣ ገና ሲነጋጋ። ከቤተሰቡ ጋር ተስማምተናል፤ ነገ ይነገራታል። የአንድ ለአምስት ጠርናፊዎች በየቡድናችሁ ያለውን ሰው ትይዛላችሁ። ሴት መምህራን ደግሞ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ የለበሰች እንዳላይ። እንደ በዓል ነው የምትለብሱት። ቤተ መጻሕፍቱን ያሠሩልን እንግዶች ደስ ካላቸው የሚቀጥለው ዓመት አዲስ ብሎክ ይሠሩልናል።»

መምህር ምናለ እጁን አወጣ። «ፈገግታውም በአንድ ለአምስት ነው?»

«ቀልደህም ሞተሃል፤ አዎ፣ ነው።»

ጥቂቶች ሳቁ። ሙሉሐረግ የሳቁትን አንድ በአንድ አየቻቸው። ትናንት ሻይ አብራቸው የጠጣቻቸው ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ግን ጥርሳቸው አስጠላት።

ከስብሰባው ወጥታ ሲስተር ፍቅርአዲስ ጋ ሄደች። የትምህርት ቤቱ የበላይ እሳቸው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ገና መመደባቸው ነው። በማርያም ሐውልት ሥር አበባ ሲያስተካክሉ አገኘቻቸው።

«ሲስተር፣ ይህ ነገር ደስ አይልም። ልጅቷ ወደ ቤቷ ትሂድ።»

«እኔንም ጨንቆኛል ልጄ። ግን ባህላቸው ነው አሉኝ። በሰው ባህል ገብቼ ምን እላለሁ?» አበባውን ካንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው አዛወሩት። «እንጸልይላት።»

«እጸልያለሁ። እርስዎ ግን አንድ ቃል ቢናገሩ ይቀርላት ነበር።»

ሲስተር ያው አበባውን መልሰው ወደ መጀመሪያው ብርጭቆ ከተቱት።

ከክፍሎቹ ጀርባ የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ሁለት በግ ለየብቻ ታርዷል። የሚለበለበው ጭንቅላት ጠጉር ይሸታል፤ ነፋሱ ሽታውን እየገፋ ክፍል ውስጥ ያስገባዋል። ሙሉሐረግ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈነች። የእስላሙን በግ የሚበልቱት ሴቶች ፈይዛን ባዩዋት ቁጥር ይጠሯታል።

«ነይ እናትዬ፣ ይቺን ጉበት ጉረሺልኝ። ሀያቴ፣ አላህ ያሳድግሽ።»

አንዷ ካጎረሰቻት በኋላ ፊቷን አዙራ በክንዷ አፍንጫዋን ጠረገች። ሌላዋ ጠጉሯን ዳሰሰችላት። ዘበኛው ለማንም የማይሰጠውን ወንበር ለቀቀላት። ፈይዛ በዘይት በራሰ ከንፈሯ እየሳቀች መጣች።

«ዛሬ ምን ሆነዋል? ሁሉም ሰው ወደደኝ።»

ሙሉሐረግ የልጅቷን ከንፈር በመሐረብ ጠረገችላት። ይህን ዳሰሳ ታውቀዋለች። ደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ስትመረቅ ዘመዶቿ ሁሉ መጥተው ነበር፤ አባቷ ብቻ «ትንሽ አሞት» ተብሎ ቀረ። አክስቷ አቅፋ አልለቅም አለቻት፣ ወንድሞቿ እየተሻሙ አጎረሷት፣ እሷም ጨፈረች። አባቷ ግን ከተቀበረ ሰንብቶ ነበር። በማግስቱ ሲነገራት አለቀሰች፤ ልቅሶው በጊዜው አለፈ። ያላለፈው ፎቶው ነው። መሐል ላይ ቆማ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ዙሪያዋን የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል። ያን ፎቶ አልቀደደችውም፤ ግን ከሣጥኑ ሥር፣ ከልብስ ሁሉ በታች፣ በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው።

አዩብ ከበሩ አጠገብ አጥሩን ተደግፎ ተቀምጧል። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ተከናንቧል።

«አላህ ያጽናህ አዩብ።»

«አሚን እህቴ። ልወስዳት ነበር የመጣሁት። ዲሬክተሩ ‹እስከ ነገ ታገሥ፣ ሱብሒ ላይ ሼሁ ባሉበት ይነገራታል› አለኝ። ደንቡም እንደሱ ነው።»

«ደንቡ ሰው እስኪሰበሰብ ነው። አልተሰበሰበም?»

«ቤቱ ሞልቷል። ከጃማም ዘመድ እየመጣ ነው።»

«ታዲያ አሁን ለማን ብላችሁ ነው የምታቆዩት? ለእሷ ወይስ ለእንግዳ?»

አዩብ መሬቱን በጣቱ ጫረ። «ወላሂ እኔ ለእንግዳ ብዬ አይደለም» አለ። «አንድ ቀን ደስ ብሏት ትዋል ብዬ ነው። ከነገ ጀምሮ እኮ እናት የላትም። ዛሬ አላት።»

 ሙሉሐረግ ወደ መድረኩ ተመለሰች። ምናልባት ይህ ሰው ከእሷ ይልቅ ልጅቷን ያውቅ ይሆናል ስትል አሰበች። እንዲህ እያለች ራሷን እያባበለች ሳለ የእንግዶቹ መኪና ገባ።

የመጡት አንዲት ሸምገል ያለች ፈረንጅ፣ አስተርጓሚዋና አንድ የወረዳ ሹም ናቸው። ሕፃናቱ ዘመሩ፤ ሹሙ ስለ ልማት ተናገረ። ከዚያ ፈይዛ አዲሱን ነጭ ካልሲዋን ወደ ላይ ስባ ወደ መድረኩ ወጣች። አስናቀው ማይክራፎኑን ራሱ ዝቅ አደረገላት።

ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። «እናቴ ኩዌት ነው የምትሠራው» ስትል መምህራኑ አንገታቸውን ደፉ። የወጥ ቤት ሴቶች ወደ ጓሮ ሸሹ። «ስትመለስ ይህን አዲስ ቤተ መጻሕፍት አሳያታለሁ» ስትል አጥሩ ሥር ያለው ጋቢ ተንቀሳቀሰ። ጭብጨባው ለማንም ከተጨበጨበው በላይ ረዘመ። ፈይዛ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ሙሉሐረግ ከእንግዶቹ ወንበር ጀርባ ማጉያው አጠገብ ቆማ ነበር። አስናቀው ወደ አስተርጓሚው ጠጋ ብሎ በጆሮው ሲያወራ ሰማችው።

«እናቷ ሞታለች፤ ልጅቷ ገና አልሰማችም። ለሴትዮዋ ንገርልኝ። የምንረዳው እንዲህ ያሉትን መሆኑን ይወቁልን።»

አስተርጓሚው አመነታ። «አሁን ይነገር?»

«አሁን ነው እንጂ። ከፎቶው በፊት።»

ሹሙም ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ለሕገ ወጥ ስደትም ጥሩ ማስተማሪያ ነው» አለ።

አስተርጓሚው ወደ ሴትዮዋ ዘንበል አለ። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ዓይኗ ውሃ ሞላ። ከዚያ ያንገቷን ካሜራ አነሣች።

 የተለበለበው ጠጉር ሽታ እንደገና የሙሉሐረግ አፍንጫ ውስጥ የገባ መሰላት። ከባሕር ማዶ የመጣች ሴት እንኳ ሰማች። ከኩዌት ጀምሮ እስከዚህ ወንበር ድረስ ያልሰማ ሰው የለም።

«ፎቶ፣ ፎቶ» አለ አስናቀው እያጨበጨበ። «ፈይዛ መሐል። ሲስተር በዚህ በኩል ይቁሙ። መምህራን ከኋላ። ልጅት፣ ሳቂ እንጂ።»

ፈይዛ መሐል ቆማ ሳቀች። አፏን ከፍታ፣ የተነቀለው ጥርሷ ቦታ እየታየ። ዙሪያዋን የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል። መምህር ምናለ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎላታል።

ሙሉሐረግ ከካሜራው ፊት ለፊት አልፋ ገባች። የምናለን እጅ ከልጅቷ ትከሻ ላይ አነሣችና እጇን ያዘች።

«ነይ ፈይዛ።»

«ፎቶው ቲቸር?»

«ይህ ፎቶ ላንቺ አይሆንም።»

አስናቀው ፈገግታውን ሳያጠፋ በጥርሱ መሐል «መምህርት ሙሉሐረግ፣ ቦታሽ ላይ ቁሚ» አላት።

«እርስዎ ሥርዓት አሉ። ሽማግሌውም ዘመዱም ያለው ቤቷ ነው። ወደ ሥርዓቱ እየወሰድኳት ነው።»

«ከሄድሽ ነገ እንዳትመጪ።»

ሲስተር ፍቅርአዲስ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ሴትዮዋን አይተው ለካሜራው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ግቢውን አቋርጠው ሲሄዱ ፈይዛ ወደ ኋላ እየዞረች ታያለች። «ጥፋት አጥፍቼ ነው?»

«አንቺ አላጠፋሽም። እንዲያውም እንደ ዛሬ አንብበሽ አታውቂም።»

«ፈረንጇ ግን አለቀሰች። ምን ብላ ነው?»

ሙሉሐረግ የልጅቷን እጅ ጠበቅ አደረገች። ይህን መናገር የእሷ አይደለም። የአባቷን ሞት እንኳ የነገሯት የሥጋ ዘመዶቿ ናቸው፤ ያ ብቻ ነው በደግ የምታስታውሰው።

አዩብ ሲያያቸው ተነሣ። ፊቱ አብጧል። ሙሉሐረግን አየ፤ ከኋላ ካሜራዋን እንደያዘች የቆመችውን ሴት አየ፤ ገባው።

«ለእሷም ነገሯት?» አለ ቀስ ብሎ።

«ነገሯት።»

«አስተግፊሩላህ» አለና ጋቢውን ከፊቱ ገለጠ። ለልጅቷ እጁን ዘረጋላት። «ነይ የኔ ልጅ፣ ቤት እንሂድ። ሼሁም መጥተው ይጠብቁሻል።»

«እኔን? ለምን?»

«ስንደርስ ይነግሩሻል።»

አጎትና ልጅ ከበሩ ወጥተው በወፍጮ ቤቱ በኩል መንገዱን ያዙ። ከኋላ ማጉያው ተንኳኳና የአስናቀው ድምፅ ግቢውን ሞላው። «መምህርት ሙሉሐረግ በአስቸኳይ ወደ መድረኩ እንድትመለስ።»

ሙሉሐረግ የመጣችው ልጅቷን ለአጎቷ አስረክባ ልትመለስ ነበር። ቦርሳዋም ማጉያው ሥር ቀርቷል። በሩ ላይ ቆማ ወደ ግቢው ዞረች። ሁሉም ያያታል፤ መምህራኑ፣ ሹሙ፣ ሲስተር፣ ፈረንጇ፣ ጓሮ የሸሹት ሴቶች ሳይቀሩ። ፈይዛ ጀርባዋን ሰጥታ ርቃለች።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ዘርግታ ገለበጠችው፤ የታችኛውን ጥለት ወደ ላይ አውጥታ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ለቅሶው ቤት መንገድ ጀመረች።