በምሳ ሰዓት የማይተላለፍ

ሲስተር ስልክ የምትደውለው ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ጀርባ፣ ደረጃው ሥር ቆማ ነው። ሌላ ቦታ ኔትወርክ የለም፤ እዚያም ቢሆን ከመጣ ይመጣል፣ ካልመጣ ይቀራል። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ሰው ሐሳብሽን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ አላት። ላከች። ወረቀቱም ሰውየውም የውኃ ሽታ ሆኑ። ሁለተኛው ፎቶ ጠየቃት። ላከች። ፎቶውን አይቶ ይሁን ሌላ ሥራ ይዞት እንጃ፣ ከዚያ በኋላ ስልኳን አላነሳም።

ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ የምሳ ሰዓቱ የእንግዳ ፕሮግራም አዘጋጅ። እንቅልፍ እንደጎደላት ከድምፅዋ ያስታውቃል። ሲስተር ለዚህ ብቻ ወደደቻት።

"በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩኝ፣ ሲስተር" አለች አዘጋጇ።

"በካንሰር ምክንያት ጉሮሯቸው የወጣላቸውን ሰዎች እንደገና እንዲናገሩ አስተምራለሁ።"

"ጎሽ። በምን ይናገራሉ ታዲያ?"

ሁልጊዜ የምትወድቀው እዚህ ጋ ነው። ማሳመር አይሆንላትም። ነገር ማስረዘም ደግሞ ከልጅነቷም አልፈጠረባት።

"በግሳት" አለች።

ነገሩ እውነት ነው። ሐኪም የድምፅ ሣጥኑን ሲያወጣው ሰውየው የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በቀረችለት ቀዳዳ ነው፤ ከአፉ ትንፋሽ አይወጣም። ስለዚህ አየር ይውጣል፣ የዋጠውን ይመልሳል፣ ሲመለስ በከንፈሩና በምላሱ ቃል ያደርገዋል። ሌላ ዘዴም መሣሪያም አለ ይባላል፤ ለሀብታም። ይሄኛው የሚጠይቀው ዓይን አውጣ መሆንን ብቻ ነው። ችግሩም እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን በሰው ፊት አታግሳ እየተባለ ያደገን ሽማግሌ፣ በል አሁን አግሳ ሲሉት አንገቱን ይደፋል።

ለዚህ ነው የምታስተምርበት የሆስፒታሉ ክፍል ባዶ የቀረው። ሁለት ተማሪ አላት፤ አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፣ አንዱ የገዛ ወንድሟ። የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ደግሞ ካርቶን ማስቀመጫ አጥታ ዓይኗን ክፍሉ ላይ ከጣለች ቆይታለች። ክፉ ሰው አይደለችም። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ አዲስ ሰው ከመጣ ይሁን፣ ካልመጣ ግን ጓንትና ፋሻው ኮሪደር ላይ ሊበሰብስብኝ አይችልም ነው ያለችው። ክፍሉ ከተወሰደ ትምህርቱም አብሮ አበቃ ማለት ነው። ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚያገሳ የለም።

ሌሎቹ የት ሄዱ? እቤታቸው አሉ። ሲስተር በእጇ ፋሻቸውን ቀይራ የሸኘቻቸው ናቸው። አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ይገባሉ፣ ከዚያ በኋላ ሚስት ትናገርላቸዋለች፣ ልጅ ይናገርላቸዋል። እንዳትደውልላቸው፣ መናገር የማይችል ሰው ስልክ አያነሳም። ቤት ተደብቆ የሚውል ሰው ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ያያል። ሲስተር የቴሌቪዥን ሰዎችን ደጅ የምትጠናው ለታይታ ሳይሆን ለዚህ ነው። አንዴ ወጥታ፣ ክፍሉ የት እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደሚከፈት ብትናገር ይበቃታል።

አዘጋጇ ግን ስልኩን አልዘጋችባትም፤ ይምጡ፣ ሻይ እየጠጣን እናውራ አለቻት።

የጣቢያው ካፌ ምድር ቤት ነው። አዘጋጇ ቀጭን፣ ፀጉሯን በእስክሪብቶ የወጋች፣ ሁለት ስልክ የያዘች ልጅ ናት፤ ሻይዋ እያየችው ቀዘቀዘ። ታሪኩን ወድጄዋለሁ አለች። ስለ ወንድሟም ጠየቀቻት። ሲስተር ባጭሩ ነገረቻት። ወንድሟ አውቶቡስ ተራ መንገደኛ ሲጠራ የኖረ ነው። መለከት ነበር የሚሉት፤ እሱ ሲጣራ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው የተጠራ መስሎት ይዞራል። ሲጋራውም እንደ ድምፁ ነበር፣ ልክ የለውም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓመት ሙሉ ከአልጋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እሷ ከሥራ ስትወጣ እየሄደች፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ፣ እሷው እያገሳች አስተማረችው።

"ያለቀሱበት ቀን የለም?" አለች አዘጋጇ።

"ጊዜ አልነበረኝም።"

አዘጋጇ ደስ አላት። "ይቺን ልክ እንዲህ አድርገው ይበሉልኝ።" ከዚያ ስልኮቿን አንዱን ባንዱ ላይ ደረበች። "አንድ ነገር ግን አለ፣ ሲስተር። ፕሮግራሙ የሚተላለፈው በምሳ ሰዓት ነው። ሰው ማንኪያ አንስቶ ነው የሚያየን። ወንድምዎ ይምጡ፣ ከታዳሚው ጋር ይቀመጡ፣ ካሜራ ያሳያቸዋል። ግን አይናገሩም፣ አይደል?"

ሲስተር መጨቃጨቅ አማራት። ግን ሌሊቱን ተረኛ ነበረች፤ ከሰዓትም ተረኛ ናት። አራተኛ አዘጋጅ ፍለጋ እንደገና ደረጃ ሥር መቆሙም ታሰባት።

"አይናገርም" አለች።

ለወንድሟ ስትነግረው ሚስቱ ድንች እየላጠች ነበር። እሱ ጨርሶ ሰማት። ሲናገር ሁለት ሦስት ቃል ይልና አየር ይውጣል፣ ከዚያ ይቀጥላል፤ ድምፁ በደረቅ እንጨት ላይ መጋዝ እንደሚጎተት ነው።

"እንደ ወንበር... ልቀመጥ ነው? ለዝምታማ... ቤቴ ምን... አነሰኝ።"

"ጋሼ፣ ለእኔ ስትል።"

"አንቺም... አፈርሽብኝ?"

ሚስቱ ደረሰችላት። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም በል ስልህ እምቢ ያልክ ሰውዬ፣ አሁን አንድ ሰዓት ዝም ብትል ምን ትሆናለህ?" አለችና ድንቹን ድስት ውስጥ ጣለች። እሱ ሳቀ። ሳቁ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እሺ ያለው ግን በሳቁ መሐል አይደለም። ሲስተር ጫማዋን ለማሰር ስታጎነብስ የእግሯን እብጠት አየና ነው።

የፕሮግራሙ ቀን ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ሄደች። አንዷ ፊቷን ዱቄት ቀባቻት፣ አንዱ ማይክ በጃኬቷ ሥር አሾለከላት። አዘጋጇ ኮሪደር ላይ አቁማ ታሪኩን ከመጀመሪያው አስነገረቻት፤ ቀጥሎ ደግሞ አቅራቢው ይስማው ተብሎ እንደገና። አቅራቢው ሽቶ የነሰነሰ፣ ጥርሱ ያማረ ጎረምሳ ነው። እየሰማ ራሱን ነቀነቀ፣ በጣም ያሳዝናል አለ።

እና የሲስተር ጥፋት እዚህ ላይ መጣ። በነርስ ቤት የተነገረ ነገር ተነግሯል። ተረኛ ለተረኛ አንዴ ይነግራል፣ ደጋግሞ የሚነግር ጊዜ የተረፈው ነው። መብራቱ በርቶ፣ ሰው አጨብጭቦ፣ ያው ጎረምሳ እንዳልሰማ ሆኖ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቃት፣ የምር የረሳው መሰላት።

"ወንድምዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ሲያወጡ ምን ተሰማዎት?"

"ደከመኝ" አለች።

ታዳሚው ሳቀ። አቅራቢውም ሳቀና፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ጭንቀት እስቲ ያጫውቱን አላት። ቅድም ውጪ የነገርኩህ ነው አለችው። አሁን የሳቀ የለም። ከካሜራው ጀርባ አዘጋጇ እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ ስትነቅል ታየቻት። ሲስተር ነገሩ ገባትና፣ በቀረው ጊዜ ዋናውን ልናገር ብላ፣ "ክፍሉ ያለው በሆስፒታሉ በጀርባው በር በኩል፣ ከእጥበት ቤቱ..." ስትል፣ አቅራቢው ወደዚያ እንመለሳለን ብሎ እጇን በቀስታ ነካት። አልተመለሱበትም።

የሚይዘው ያጣ አቅራቢ የሚሮጠው ወደ ታዳሚው ነው። ዛሬ ወንድማቸውም ከእኛ ጋር ናቸው አለና ማይኩን ይዞ ወረደ። አይናገሩም የሚለውን ማንም አልነገረውም፤ ቢነገረውም በዚያች ሰዓት አያስታውሰውም። እንዴት ነዎት አባቴ ብሎ ማይኩን ከአፉ ሥር ደቀነው።

ጋሼ አየሩን ከዋጠ ቆይቷል። እንደገባ ጀምሮ ሲውጥ ነበር፤ ሲስተር ከመድረኩ ሆና የአገጩን ከፍ ዝቅ ማለት ስታይ ጨንቆት መስሏት ነበር። ተነሣ። ሻርፑን አስተካከለ። ወደ አቅራቢው አላየም፣ ወደ ካሜራው ነው ያየው።

"እቤት... የተቀመጣችሁ... እኔም... እንዲሁ ነበርኩ። ተነሡና... ኑ።"

ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። አንዲት ሴት አፏን ያዘች። ላይ፣ መስተዋቱ ኋላ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ ግን በጆሮ ማዳመጫው የሰማው ኩርርር የሚል ነገር ነው። ሽቦ ተቃጠለ ወይ ማይክ ተበላሸ አለ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ወዲያው ድምፁን ቆረጠው። እቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ሕዝብ "እቤት" የምትለዋን ከነጉርምርምታዋ ሰማ፣ ከዚያ አንድ ሻርፕ ያደረገ ሽማግሌ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አየ። ከሥር ደግሞ ጽሑፍ መጣ፤ በተፈጠረው የድምፅ ብልሽት ይቅርታ እንጠይቃለን።

ኮሪደር ላይ አዘጋጇ ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀቻቸው። አልጮኸችም። ሲስተርም አልጮኸችም።

"ብልሽት አይደለም፤ ድምፁ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ሲስተር። ባለሙያው ነው ያላወቀው። አልነገርኩትም። የማይናገር ሰው ነዋ የጋበዝነው።"

ጥፋቱን ለሁለት መካፈል ይቻል ነበር፤ አይናገርም ያለችው ሲስተር ራሷ ናት። ማይኩን ፈትታ አስረከበች።

በአውቶቡስ ተመለሱ። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሮ ብዙ ከሄደ በኋላ ስንት ቃል ወጣልኝ አላት። ሚስቱ ደውላ ነግራታለች። አንድ አለችው። እሱም ዓይኑን ጨፈነ። ተቆጥቶ ይሁን አንቀላፍቶ አልጠየቀችውም። እሷም ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ማስታወቂያ ሳታነበው እያየችው መውረጃዋ አለፋት።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሜትሮኗ ካርቶኖቹን ማስገባት ጀመረች። ከበሩ በኩል ጀምራ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። ይቅርታ ሲስተር፣ ዝናብ መጣብኝ አለቻት። ሲስተር አንዱን ካርቶን ራሷ አገዘቻት። ምን ታድርግ።

ደረጃው ሥር ካለው ቧንቧ እጇን እየታጠበች ሳለ ስልኳ ጠራ። አዘጋጇ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ተመልካች ሲደውል ሰነበተ አለች፤ ሁሉም ስለ ድምፁ መበላሸት ነው፣ አንዱማ ቴሌቪዥኔን ፈታታሁት ብሎ ሰድቦናል። ሲስተር እግሯን ቀየረች፤ በሽተኛ እየጠበቃት ነው።

"አንዲት ሴትዮ ግን አለች" አለች አዘጋጇ። "ማይክ አልተበላሸባችሁም ነው የምትለኝ። 'ባሌ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ እኔ ሳንኳኳ ያቆማል' አለችኝ። ጉሮሮው ከወጣ ዓመት አልፎታል። ሆስፒታሉን ጠቁሜያት ነበር፣ ብዙ በር አለው ጠፋኝ ብላ ደወለች። ቁጥርዎን ልስጣት ወይ?"

"ይሄን ደግሞ ትጠይቂኛለሽ? ስጫት እንጂ፣ ልጄ።"

መጡ። ሰውየው በያጅ ነው፤ ትልቅ፣ ትከሻ ሰፊ፣ እጁ በብልጭታ የተጠባበሰ። ሚስቱ ከበር ጀምራ ታወራ ነበር። መቼ እንደታመመ፣ ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደከዳው ሁሉን ነገረቻቸው። ሲስተር ስሙን ስትጠይቀው ሚስቱ መለሰች። ዕድሜውን ስትጠይቀውም ሚስቱ። በያጁ የካርቶኖቹን ጽሑፍ ያነባል።

"እትዬ" አለ ጋሼ። አየር ዋጠ። "እስቲ... ውጪ... ይጠብቁን።"

ሴትዮዋ ድምፁን ስትሰማ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ቅር እንዳላትም ያስታውቃል። ወጣች። ልብስ ሰፊው ካርቶን ላይ ጠጋ ብሎ ለበያጁ ቦታ ለቀቀለት።

ሲስተር እንደ ወትሮዋ ጀመረች። አፍዎን ይዝጉ፣ አየሩን እንደ ኪኒን ይዋጡት፣ አይቸኩሉ። እዚህ የሚያፍር የለም። በያጁ ዋጠ። ምንም አልወጣም። ፊቱ ቀላ። ጋሼ አንዴ ደህና አድርጎ አገሳ፣ ልብስ ሰፊውም ተከተለው፣ እንደ ሰላምታ። በያጁ እንደገና ዋጠ።

በዚህ መሐል ሜትሮኗ ካርቶን ታቅፋ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ገባች። ዞር ስትል አዲሱን ሰው አየችው።

"ስንት ናችሁ?"

ሲስተር አፏን ከፈተች፣ ግን ከድካሟ የተነሣ ቃሉ ዘገየባት።

"ሦስት" አለ በያጁ።

ወፍራም፣ ሻካራ፣ ከሆድ የመጣ። ኮሪደር ላይ ያለችው ሚስቱ ሳትሰማው አልቀረችም፤ ወሬዋን አቋረጠች።

ሜትሮኗ አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ ካርቶኖቹን አየች። የያዘችው ከብዷታል፣ መልሳ የምትወስድበትም ቦታ የላትም።

"እንግዲያው ተጠጋጉ" አለችና አስቀመጠችው።