ባለ አስራ ስድስት ቸርኬ

ልብስ ሰፊው በዚህ ዓለም አንድ ነገር በእርግጠኝነት ያውቃል፤ ልክ መውሰድ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ደጁ ላይ ገና ሲቆም የወገቡን ቁጥር በዓይኑ ገምቶ ይጨርሳል። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ ያወርድና ግምቱ ልክ መሆኑን ለደንበኛው በኩራት ያሳየዋል። «ጠበበኝ» ብሎ የተመለሰበት ሰው የለም። «ሰፋኝ» ያለ አለ፤ እሱን «ትወፍርበታለህ» ብሎ ይሸኘዋል። ለመኪናው ጎማ የሚለብሰውን ቸርኬ ሊመርጥ የተነሣው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

መኪናዋ ከታላቅ ልጁ ጋር እኩያ ናት። ልጆች ትምህርት ቤት አመላልሳለች፣ ጨርቅ በጣቃ ጭናለች፣ ሙሽራም አንዴ ይዛለች። አሁን የቀራት ሥራ አንድ ነው፤ በየማክሰኞው ሚስቱን ሆስፒታል ማድረስ። ሚስቱ አጥንቷን ታማለች። መኪናዋ ጠጠር በረገጠች ቁጥር ሴትዮዋ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ጉድጓድ ሲሆን ትጮኻለች። ያለፉትን ሁለት ማክሰኞዎች «እዚያ ውስጥ ከምፈጭ አልጋዬ ላይ ልተኛ» ብላ ቀረች። ታክሲ እንጥራልሽ ሲሏት ደግሞ «የማላውቀው ሹፌር ፊት አልጮህም» አለች። እሷ አንዴ በቃ ካለች በቃ ነው።

ሐኪሟ ቁርጡን በስልክ ነግሯቸዋል። ሕክምናው ተራ የሚጠበቅበት ነው፤ ሦስት ቀጠሮ በተከታታይ የቀረ ታካሚ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እንደገና ልጀምር ቢልም አይሆንም፣ በሽታው አይጠብቅም።

ልብስ ሰፊው ጥፋቱን ሁሉ መኪናዋ ላይ አላከከ። በሽታውን ሊይዘው አይችልም፣ መኪናዋን ግን ሊይዛት ይችላል። የሰፈሩ ጎሚስታ መጥቶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያሽከረከረ አየና «ጋሼ፣ ሁለቱ ቸርኬዎች ተጣመዋል፣ አንዱማ ሊሰነጠቅ ነው። ብረቱ ስንቴ ይቀጠቀጣል? በአሉሚኒየሙ ቢቀይሩት ለእትዬም ይለሰልስላቸዋል» አለው። ይለሰልስላቸዋል የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ግቢ ውስጥ በድንጋይ አስደግፎ አራቱንም ጎማ አወለቀ። እናቷን የምታስታምመው ትንሿ ልጁ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ ጎማው ላይ እኮ አስራ አራት ይላል።»

«ሱሪም ላይ ቁጥር ይጻፋል። በተጻፈው አምነው የመጡትን ስንቱን ፈትቼ ሰፍቻለሁ።»

ቸርኬውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለካው። አስራ አምስት ኢንች ከሩብ መጣ። ልብስ ልክክ ተደርጎ ከተቆረጠ ለባሹ መተንፈሻ ያጣል፤ ስለዚህ ለመላወሻ ትንሽ ይጨመራል። እሱም ጨመረ። አስራ ስድስት። ሰፋ ያለ ልብስ አይጎረብጥም፣ ቸርኬም ከዚህ የተለየ ሊሆን አይችልም አለ በልቡ። ልጅቱ ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ያገለገለ ቸርኬ የሚሸጠው ሰውዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሊያታልለው አልሞከረም። «ጋሼ፣ መኪናዋን ይዘው ቢመጡ አይሻልም?» ሲል ጠየቀው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አሳየው። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ምን ይበል? ክፍያው ልብስ ሰፊው የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝምበት ማሽን ነበር፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ አብራው የኖረች ማሽን። በላይዋ አራቱን የብረት ቸርኬዎች ከነጎማቸው ደረበለት። ብረቱ በዚያው ቀን ሊቀልጥ ተጭኖ ሄደ። እሱ ግን አራት የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች፣ ጎማ የለበሱ፣ በጋሪ አስጭኖ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ሚስቱ በመስኮት አየቻቸውና ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቀችው። «እነዚህስ ለሰርግ ናቸው» አለች። ማክሰኞ እሄዳለሁም አለች። ልብስ ሰፊው በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ።

ማክሰኞ ማለዳ ጎሚስታው ሊገጥም መጣ። ክሪኩን አስገብቶ፣ አንዱን ቸርኬ አንሥቶ፣ መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ አስራ ስድስት ነው።»

«አዎ።»

«የእርስዎ አስራ አራት ነው። የት ላይ ነው የለኩት?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ ነዋ፤ ሌላ የት ይለካል?»

ጎሚስታው አንገቱን ደፋ። «ቸርኬ በውጭ አይለካም፣ ጋሼ። ጎማው የሚቀመጥበት ነው የሚለካው፤ ጠርዙ አይቆጠርም።» ከዚያ እንደማያሳዝን አድርጎ ለመንገር ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ቸርኬው ባደገ ቁጥር ጎማው ይሳሳል። የሚያለሰልሰው ደግሞ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። ይሄ ሁለት ጣት አይሞላም። የድሮዎቹ የት አሉ?»

«ሰጠኋቸው።»

ቀጠሮው አራት ሰዓት ነው። ቡሎኖቹ ይገጥማሉ፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ ሌላ ቸርኬ ደግሞ በዚያ ማለዳ ከየትም አይመጣም። «ግጠመው» አለ ልብስ ሰፊው። አፍሮ ነበር፤ ግን ከእፍረቱ ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር።

ልጅቱ ወንበሩን በትራስ ሞላችው፣ እናቷን ደግፋ አስገባችና እሷ ቤት ቀረች። እሱ በእግር ከሚሄድ ሰው ባልፈጠነ ፍጥነት ነዳ። ኋላ ያሉ መኪኖች ጥሩምባቸውን ለቀቁበት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አስፋልቱ እስካለ ድረስ ደህና ነበር። የተቆፈረው መንገድ ጋ ሲደርሱ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ በስሱ ጎማ አልፎ፣ በወንበሩ አልፎ፣ በትራሱም አልፎ እሷ ጋ ደረሰ። በድሮው ቸርኬ ትጮኽ ነበር። አሁን አልጮኸችም። መጮህ አቅቷት ነው።

«ትንሽ ነው የቀረን» አላት።

«ለአንተ ትንሽ ነው።»

ዳር ይዞ አቆመ። ፊቷ በላብ ርሷል፤ በመሐረብ ጠረገላት።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ልኩን ተሳሳትኩ። ሳምንት በደህናው ቸርኬ...»

«ሳምንት የለም፣ አንተ ሰውዬ። ብታስተካክለውም አልሄድም ነበር መሰለኝ። አንተ ላይ ታች ስትል አላስችል ብሎኝ ነው እሺ ያልኩህ። መልሰኝ።»

ልብስ ሰፊው የቀረውን መንገድ አየ። ወደ ፊት ቢሄድ ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ ግን እዚያ ለመድረስ በእሷ ላይ መንዳት አለበት። አዞረ። ሲያዞር ጎማው ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ፋቀው፤ እሷ ዓይኗን ጨፈነች።

ግቢ ገብተው ሞተሩን እንዳጠፋ ስልኩ ጮኸ። የሆስፒታሉ ነርስ ናት፤ ድምጿ የለመደ፣ ቀስ ያለ ነው። «አባቴ፣ ዛሬም አላየናችሁም። ተራ የሚጠብቅ ሰው እዚሁ ተቀምጧል። መንገድ ላይ ናችሁ ወይስ ለሱ እንስጠው?»

መንገድ ላይ ነን ሊል አፉን ከፈተ። ሚስቱን አያት።

«ንገራታ» አለችው።

«ስጡት» አለ።

ነርሷ ምሕረት ተመኝታ ዘጋች። ልጅቱ በር ላይ ቆማለች፤ ይህን ያህል ቶሎ መመለሳቸው ሁሉን ነግሯት መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«አሁን ቀስ ብለህ አውርደኝ» አለች ሚስቱ።

ዞሮ በሩን ከፈተ፣ እጁን ከጀርባዋና ከጉልበቷ ስር አስገብቶ አነሣት። ክብደት አልነበራትም።