የፈድሉ ሽንትና ጠያቂዎቹ

የነቀምቴው ባለሱቅ ፈድሉ፣ ሽንቱን የዘጋው እጢ በቀዶ ጥገና ወጥቶለት ቁስሉም ደርቆ ነበር። የቀረው ራሱ መሽናት ብቻ ነው። ጠዋት የሆስፒታሉ ሲስተር የሻሽወርቅ የሽንቱን ቱቦ ነቀለችና ቆርቆሮ ፖፖ አቀበለችው።

«እስከ ማታ ካልሸኑ ቱቦው ይመለሳል» አለችው።

ቱቦው ከሚመለስበት፣ ሱቁን መንግሥት ቢወርሰው ይመርጣል።

ችግሩ ጠያቂ ነው። አንዱ ሲነሳ ሁለት ይቀመጣሉ። ከገጠር የመጣው እርጎ፣ የከተማው ሰው አጥሚት ይዞ፣ «ጠጣ፣ ይገፋልሃል!» ይለዋል። ጠጣ፤ ሆዱ ከበሮ ሆነ። ፖፖውን ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቆ ይዟል፤ ግን ሰው ፊት እንዴት ተደርጎ! «ውጡልኝ» ማለትም ነውር ነው፤ ጠያቂ ያባረረ ቀባሪ አያገኝም።

«ወረደ?» ይላል የገባው ሁሉ።

«አልወረደም» ይላሉ የተቀመጡት፣ እሱን ቀድመው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ማዘንጊያም፣ «ጓድ ፈድሉ፣ የጎደለህ ቆራጥነት ነው!» አለው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሲስተሯ ትሪ ላይ ቱቦ ይዛ ብቅ አለች። ፈድሉ ጨነቀው፤ መላም መጣለት። ጠያቂ የሚሄደው መርቆ ነው።

«ኦቦ መርጋ» አለ ሽማግሌውን፣ «መሸብዎት፤ እስቲ ይመርቁኝ።»

ሰው ሁሉ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ፤ አንገቱን ደፋ። የኦቦ መርጋ ምርቃት ግን ከከብቱ ጀምሮ፣ በዝናቡ አልፎ፣ ቢላ ከተማ ያሉትን ዘመዶች ሁሉ የሚያዳርስ ነው። «ሃ ተኡ!» ይላል ሰዉ በየመሐሉ፣ ይሁን ሲል። ፈድሉ ተስፋ ቆርጦ ቀና ቢል፣ የሚያየው አንድም ዓይን የለም። ሁሉም መሬት ያያል። ጓድ ማዘንጊያ እንኳ እጁን ባይዘረጋም፣ ኪሱ ከቶ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

ፈድሉ በልቡ ፈጣሪውን ጠራ። ቆርቆሮው ጮኸ።

ኦቦ መርጋ ደንግጠው ዝም አሉ። ሽንቱም ቆመ።

«አያቋርጡ!» አለ ፈድሉ፤ «በፈጣሪ ይዤዎታለሁ፣ አያቋርጡ!»

ሽማግሌው እንደገና ከከብቱ ጀመሩ። ሰዉ የቆርቆሮውን ድምፅ ሊሸፍንለት «ሃ ተኡ!» እያለ ጣሪያውን አናጋው፤ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ጓድ ማዘንጊያ ነበር።

ሲስተር የሻሽወርቅ ድምፁ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆየችና ትሪዋን ይዛ ተመለሰች።

ይህን ጊዜ ከጎን አልጋ የተኛው የዲጋው ገቢሳ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ።

«ኦቦ መርጋ፣ ነገ ይመጣሉ አይደል? የኔ ቱቦ የሚነቀለው ነገ ነው።»