ሄ ሄዳለች

ቆራሌው ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ከቆራሌውም በፊት ወንድሜ ኢስማኢል ባይኖር ይሻል ነበር፤ ግን ወንድም ነው፣ ምን ይደረጋል።

አባታችን ሸምሱ ላፍቶ ላይ በተወልን ማተሚያ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ የእርሳስ ፊደል ማሽን አለ። አባቴ በደህናው ዘመን እያንዳንዷን ፊደል ከመሳቢያ በእጁ እየለቀመ፣ ገልብጦ እየደረደረ፣ ቀለም እየቀባ የእድር ደንብ፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የሙት ዓመት መጥሪያ ያትምበት ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ማሽኑ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ማለቴ እንኳ ለክብሩ ነው፤ የኬክ ካርቶን ማጠፊያ መስመር እያወጣና ደረሰኝ ላይ ቁጥር እየመታ ነው የሚውለው። ኢስማኢል ደግሞ እኔ ሳልኖር ቆራሌውን ጠርቶ የፊደሉን ግማሽ በኪሎ ሸጠለት። ስጮህበት «ሀኒፋ፣ እርሳስ እኮ እርሳስ ነው» አለኝ።

ፊደሉ ከሄደ በኋላ ፋሽኑ መጣ። ሀብታም የሠርግ ካርዱን በጥንቱ ማሽን ካላሳተመ የደገሰ አይመስለውም። አባቴ ፊደሉ ወረቀቱን ከጀርባው ካሳበጠው «ይህ ህትመት ነው ዱላ?» ብሎ ቀዶ ይጥለው ነበር። የዛሬ ደንበኛ ካርዱን ገልብጦ በጣቱ ይዳብስና ካላበጠ ተታለልኩ ይላል። እኔም አሳብጥለታለሁ። አባቴ የሚያፍርበት ጥፋት ለኔ እንጀራ ሆነ።

አቶ ደምሰው፣ ይቅርታ፣ ኢንጂነር ደምሰው የመጡት በዚህ ፋሽን ነው። ለቡ ላይ ብሎኬት ያስመርታሉ። ኢንጂነርነቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ የጠየቀም የለም። ልጃቸው ኖላዊ የጎፋዋን ሄርሜላን ሊያገባ ነው። የሙሽራውንም የሙሽራዋንም ወገን ካርድ እኔ ነኝ የማሳትመው ብለው፣ ምራታቸውን ከጎናቸው አቁመው ባንኮኒዬ ላይ ተደገፉ።

«ኮምፒውተር እንዳይነካው። ጥንታዊ ይሁን» አሉ።

መሳቢያዎቹን ስበረብር «ኢንጂነር» የሚለው ላይ ጂ ጠፋች። «ሄርሜላ» የሚለው ላይ ደግሞ ሄ የለችም።

«ሄስ?» አለች ሄርሜላ።

«ሄ ሄዳለች፣ የኔ እህት። ከቆራሌው ጋር።»

ሐመሩን ሔ ፈለግኩ፤ አንዲት ተገኘች፣ እሷም እግሯ ተሰብሯል። ብዙኃኑ ኄ ድሮም በቤታችን ብዙ አልነበረም።

ኢንጂነሩን ያስደነገጣቸው የጂ መጥፋት ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አሉና እዚያው ስልካቸውን አንስተው ፒያሳ ለሚያውቁት ማኅተም ቀራጭ ደወሉ። «ኢንጂነር» የሚለው ቃል እንዳለ በዚንክ ይቀረጽ ተባለ።

«እግረ መንገዱን ሄንም ይቅረጽልን» አልኳቸው።

«ለአንዲት ፊደል? ኤ አለሽ አይደል? ኤርሜላ ብለሽ ጻፊው። አነባበቡ ያው ነው።»

«አባባ፣ ያው አይደለም» አለች ሄርሜላ ቀስ ብላ። «ስሜ እኮ ነው።»

«ልጄ፣ ዋናው ፍቅር ነው።»

ዋናው ፍቅር ከሆነ ኢንጂነርነቱ ለምን አስፈለገ አላልኩም፤ ደንበኛ ናቸው። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል እንጂ፣ አማት ያርመዋል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

እሳቸው ሲሄዱ ሄርሜላ ኖላዊ ጋ ደወለች። ሙሽራው ምን እንዳላት ለኔም ተሰማኝ፤ «አባቢን አታስቀይሚው በናትሽ፣ አንዲት ፊደል እኮ ናት።» ስልኩን ዘጋችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እዚያ ቤት በመጀመሪያው ወረቀት ኤርሜላ ሆና ከገባች፣ ኤርሜላ ሆና ትቀራለች። የልጆቿ አያት ኤርሜላ እያሉ ይጠሯታል፣ ባሏም ይለምደዋል። ይህ ለሁለታችንም ገብቶናል።

«የእሳቸውን ወገን እንዳሉሽ ሥሪው» አለችኝ በመጨረሻ። «የኛን ግን እኔ ልልቀመው።»

ወረንጦውን ሰጠኋት።

ዚንኩ ሲደርስ ኢንጂነሩ የመጀመሪያውን የእርማት ናሙና ሊያዩ መጡ። የራሳቸውን ወገን ካርድ ገልብጠው «ኢንጂነር» የሚለውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። አብጧል። ደስ አላቸው። ኤርሜላ የሚለውን በዓይናቸው አልፈውት የሙሽራዋን ወገን ካርድ አነሱ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልጃችን ኤርሜላ ከኢንጂነር ደምስሰው ልጅ ከኖላዊ ጋር» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ፣ አባባ?» አለች ሄርሜላ።

«ደምስሰው ይላል እኮ።»

«እ፣ አንዲት ስ ገብታ ይሆናል። ስ ሞልቷል፣ ቆራሌው አልወሰደውም። ደግሞ አነባበቡ ያው ነው።»

«ምኑ ነው ያው? እንግዳው ሁሉ ደምስሰው እያለ ሊያነበኝ ነው? ስሜ እኮ ነው» አሉ።

አሉና የራሳቸው ቃል ጆሯቸው ውስጥ ገባ። ሄርሜላ ትክ ብላ አየቻቸው። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ካርቶን ቆጠራ ጀመርኩ። ኢንጂነሩ አንዴ ወደ ማሽኑ፣ አንዴ ወደ በሩ ካዩ በኋላ ስልካቸውን አወጡ።

«ሄሎ» አሉ ቀራጩን። ለስልክ ሲሆን ሄን አሳምረው ይጠሯታል። «ሌላ ሥራ አለ። ሄ። አዎ፣ ሄ ብቻ።»

ከወጡ በኋላ ሄርሜላ ሁለቱንም መስመር ፈትታ ለሄ ቦታ አበጀች። ስን ከደምስሰው መሀል በወረንጦ ነቅላ አወጣቻት። እንድትመልሳት መሳቢያውን ከፈትኩላት። እሷ ግን ፊደሏን በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

«ይቺ እኔ ጋ ትቆይ» አለችኝ። «ሠርጉ አንድ ቀን ነው፤ ትዳሩ ይረዝማል።»

መሳቢያውን መልሼ ዘጋሁት።