የማይክሮሜትሩ ዕረፍት

ኡርጂ ከቡራዩ እስከ ሰበታ ማይክሮሜትሩን ከሹራቧ ስር ደረቷ ላይ አቅፋ አመጣችው። ሚኒባሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ክንዷን ታጠብቅበት ነበር። በኦቦ ጋሮማ ወርክሾፕ የተሠሩትን ሁለት መቶ የፓምፕ ዘንጎች የለካችው እሷ ናት፤ ሁሉንም በዚሁ መሣሪያ። ገዢው ስምንት ሰዓት ላይ ሊረከብ ይመጣል። መሣሪያው በትክክል እንደሚለካ የሚያረጋግጠውን የዘንድሮውን የካሊብሬሽን ሰርተፍኬት ካላየ አንዱንም እንደማይጭን ቁርጡን ተናግሯል።

የመለኪያ ፍተሻ ክፍሉ ባለቤት እትዬ ውብአየሁ ናቸው፤ ስልሳን የተሻገሩ፣ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሴት። ልኩ በትክክል የታወቀ፣ ሃምሳ ሚሊሜትር የሆነ የብረት ብሎክ ጓንት ባጠለቀ እጃቸው አንስተው በማይክሮሜትሩ ለኩት። አነበቡ። ደገሙ።

«ሰባት ማይክሮን ያሳንሳል» አሉ፤ የሚሊሜትር ሰባት ሺኛ። «የሚፈቀደው አራት ነው።»

የኡርጂ የሦስት ሳምንት ሥራ አፈር ሊበላ ነው።

እሳቸው ግን እስክሪብቶ አላነሱም። ጓንታቸውን አውልቀው መሣሪያውን በጣታቸው ጀርባ ነካ አደረጉት፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካው።

«በምን ይዘሽው መጣሽ?»

«እቅፌ ውስጥ። እንዳይናጥብኝ ብዬ።»

«እንደ አራስ» ብለው ፈገግ አሉ። «ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ያኔ ልኩን ያሳንሳል፣ የኔ ልጅ። ከብሎኩ ጎን፣ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ባለው ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ይረፍ። አሁን ሦስት ሰዓት ነው፤ ሰባት ላይ እናየዋለን።»

«እትዬ፣ ገዢው እኮ በስምንት ቡራዩ ይገባል።»

«ከቸኮልሽ አሁኑኑ እጽፍልሻለሁ። ‹አላለፈም› ብዬ።»

ኡርጂ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ጋሮማ ደወለ።

«ኡርጂ ኮ፣ የት ደረስሽ?»

«እያቀዘቀዝነው ነው፣ ኦቦ።»

«ቢራ ነው እንዴ? ማኅተሙን አስመትተሽ ነይ በቃ።»

ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። እትዬ ውብአየሁ ቀና ሳይሉ «ማኅተም ብረት አያቀናም በይው» አሉ። ኡርጂ አለችው። ጋሮማ ስልኩን ዘጋው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን እትዬ ውብአየሁ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አዩ፤ ሃያ ዲግሪ። ከዚያ ብሎኮቹን በየተራ እየቀያየሩ፣ እያንዳንዱን አምስት አምስት ጊዜ ለኩ። ኡርጂ አንዱን ዘንግ ሁለቴ በመለካቷ ስትኮራ ነበር የከረመችው። አሁን እጃቸውን እያየች ኩራቷ ቀለለባት፤ ደስ የሚል መቅለል ነበር።

ሃምሳው ላይ ሲደርሱ «አንድ ማይክሮን» አሉና ፈረሙ። መሣሪያውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው በካርቶን ሰጧት።

ቡራዩ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ገዢው መኪናው በር ላይ ተደግፎ፣ ፊቱን አጨማዶ ይጠብቃል። ሰርተፍኬቱን ተቀብሎ ቁጥሮቹን አየ፤ ከግርጌ ያለች አንዲት መስመር ላይ ግን ጣቱን አሳረፈ። «መሣሪያው ከፍተሻው በፊት በሃያ ዲግሪ አራት ሰዓት አርፏል።»

«ይሄን ያህል የሚጠብቅ ሰው አለ?» አለ።

«ሰበታ ውስጥ አሉ» አለች ኡርጂ።

ገዢው ወረቀቱን አጥፎ ለሾፌሩ «ጫን» አለው።

ጋሮማ እፎይ ብሎ ማይክሮሜትሩን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ኡርጂ ካርቶኑን ሳብ አደረገችው።

«ይተዉት፣ ኦቦ። እጅዎ ሞቃት ነው።»