ጭንቅላት የያዘ ያዛል

ነርስነትን የተለማመድነው በላስቲክ አሻንጉሊት ነው፤ ብትጥለው አያለቅስ፣ ብትገለብጠው አይሞት። ተመርቀን ሳንጨርስ ወረርሽኙ ገባና እኔንና ሳቂታዋን ጓደኛዬን በቀጥታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ጣሉን። ጭንብልና መነጽር ለብሰን ማን ማን እንደሆነ ስለማይለይ፣ አለቃችን ደረታችን ላይ በማርከር ይጽፉልናል። እኔን «አዲሷ» አሉኝ፤ እሷን «ሌላዋ አዲሷ»። በጣም ነው የተናደድኩት። ስም አለን እኮ!

ጠዋት የአንድ ታካሚዬ ልጅ ደውላ «እህቴ፣ አባቴን አደራ» አለችኝ። አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ግዙፍ ሰው፣ በመድኃኒት እንዲተኙ ተደርጎ በጉሮሯቸው በገባ ቱቦ የሚተነፍሱ። «እሺ» አልኳት። ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው የደነገጥኩት።

ከሰዓት ኦክስጅናቸው ወረደ። ትልቁ ዶክተር መጥተው ሳንባቸው አየር እንዲያገኝ በሆዳቸው እናስተኛቸው አሉ። ስናዞራቸው ቱቦው ከወጣ አለቀ። ቱቦውን የሚይዘው ደግሞ ጭንቅላቱን የያዘው ነው።

አለቃችን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጉልበት የለሽም፤ እጅሽ ግን አይንቀጠቀጥም። ጭንቅላቱን ያዢ።»

ያዝኩ። ሳቂታዋና አለቃችን በግራና በቀኝ፣ ዶክተሩ እግር ጋ ቆሙ። ሁሉም እኔን ያያሉ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ... ከተመቸዎት... እናዙራቸው ይሆን?»

«ሠርግ ነው እንዴ የምትጠሪን?» አሉ አለቃችን። «ጭንቅላት የያዘ ያዛል! ቁጠሪ!»

«በሦስት! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ያ ግዙፍ ሰው ተነሳ። በእኔ ድምፅ! እናቴ እንኳ ቤት ውስጥ የማትሰማኝ ልጅ፣ ያን ሁሉ አንጋፋ በአንድ ቃል አንቀሳቀስኩ። ፀጉሬ ቆመ። ተገልብጠው እንዳረፉ ማሽኑ ጮኸ፤ የኦክስጅናቸው ቁጥር ሰማንያ፣ ሰባ አምስት፣ ሰባ አለ። የሳቂታዋ ዓይን ፈጠጠ። እኔ ቱቦውን ጨብጬ «ተው አባባ፣ ተው» እላለሁ።

ከዚያ ሰባ ሦስት አለ። ሰማንያ። ዘጠና! እንባዬ መነጽሬን አጨለመብኝ።

የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። ምን ሆኑ ብዬ ስጨነቅ፣ ያ ስማቸው ሲጠራ ሕንፃው የሚንቀጠቀጥላቸው ዶክተር ወገባቸው እንደጎበጠ ከእግር በኩል ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«አዲሷ፣ ልልቀቅ?»

ለካ ልቀቁ አላልኩም! ሁሉም እንደያዙ ቆመው የእኔን ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

«ይልቀቁ፣ ዶክተር» አልኩ። እኔ ግን አልለቀቅኩም። ልጅቷ «አባቴስ?» ብላ መልሳ ስትደውል ሳቂታዋ የክፍሉን ስልክ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«አሉ፣ እህቴ» አልኳት። «እጄ ላይ ናቸው።»